ፓኬት ሬዲዮ ምንድን ነው? ነባሩ ይሻላል ወይስ አዲሱ?

መብራትና ኔትወርክ አብረው ጠፍተው ከባሕር ዳር ጎርጎራ መልእክት መላክ ቢያስፈልግስ? አማተር የሬዲዮ ሰዎች መላ አላቸው፤ ፓኬት ሬዲዮ። ጽሑፉ ይቆራረጣል፣ በየቁራጩ ላይ የላኪና የተቀባይ መለያ ይሰፍራል፣ ከዚያ በሬዲዮ ይለቀቃል። ፈቃድ ግን የግድ ነው። መልእክቱም ለሰማው ሁሉ ክፍት ስለሆነ ምስጢር አይላክበትም።

ነባሩ ሥርዓት ኤኤክስ 25 ይባላል። የተለመደው ፍጥነቱ በሰከንድ 1200 ቢት (ዜሮ ወይም አንድ) ነው፤ ፎቶ አይታሰብም። ዜሮና አንድን የሚልከው በሁለት ድምፅ ነው፦ በ1200 እና በ2200 ኸርዝ። ድምፅ ስለሆነ ተራ የእጅ ሬዲዮም ይበቃዋል። ይህን በጣም እወድለታለሁ። ችግሩ ሌላ ነው። ከቁራጩ አንዲት ቢት ከተበላሸች ተቀባዩ ሙሉውን ይጥለዋል። ስህተት መኖሩን ያውቃል፣ ማረም ግን አይችልም። ስለዚህ እንደገና መላክ ነው።

ከአዲሶቹ አይኤል 2 ፒ የማረሚያ መረጃ አብሮ ስለሚልክ ተቀባዩ ራሱ ይጠግነዋል። ቫራም ፈጣን ነው፤ አሠራሩ ግን ለሕዝብ ክፍት አይደለም። አርደን ደግሞ የዋይፋይ መሣሪያዎችን አያይዞ ቪዲዮ ሳይቀር ያሳልፋል።

ለጣና የቱ ይሁን? ዋናው ነገር ርቀቱ ነው። ከባሕር ዳር ጎርጎራ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውሃው ሜዳ ቢመስልም መሬት ክብ ናት። ሁለቱ አንቴናዎች እንዲተያዩ እያንዳንዳቸው ከውሃው 75 ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለባቸው። መሐል ላይ ያለው ደቅ ደሴት ላይ አገናኝ ጣቢያ ቢተከል ግን 20 ሜትር አካባቢ ይበቃል። የዘጌ ጫካ መንገድ ላይ ከገባ ደግሞ እርጥብ ቅጠል የአርደንን 5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይውጠዋል። ርዝመቱ 2 ሜትር ያህል የሆነው ሞገድ ይሻላል።

ስለዚህ አርደንን ከተማው ውስጥ፣ ከቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁል፣ እጠቀምበታለሁ። ሐይቁን ለማቋረጥ 1200 ቢቱን ይዤ አይኤል 2 ፒን እጨምርበታለሁ። ዳየርዎልፍ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ኤኤክስ 25ንም አይኤል 2 ፒንም ስለሚችል ነባሩን መጣል አያስፈልግም። ትንሽ ኮምፒውተር፣ ሬዲዮና ሶላር ካለ ደቅ ላይ ሥራ ይጀመራል።

ደቅ ላይ አንድ ሬዲዮ ብቻ ግን አይበቃም። ባሕር ዳርና ጎርጎራ አንዱ ሌላውን ስለማይሰማ በአንድ ጊዜ ይልኩና መልእክታቸው ደቅ ላይ ይጋጫል። ሁለት ሬዲዮ፣ ሁለት ፍሪኩዌንሲ፤ አንዱ ወደ ደቡብ፣ አንዱ ወደ ሰሜን።