የመታጠቢያ ወንበር ምንድን ነው?

የመታጠቢያ ወንበር ማለት ቆሞ መታጠብ የሚያደክማቸው ወይም የሚያሰጋቸው ሰዎች ተቀምጠው ገላቸውን እንዲታጠቡበት የተሠራ፣ ውሃ የማያበላሸው መቀመጫ ነው። ከፋብሪካ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ እግሮቹ ከማይዝግ አሉሚኒየም፣ መቀመጫው ደግሞ ውሃ የሚያሳልፉ ቀዳዳዎች ካሉት ጠንካራ ፕላስቲክ ይሠራል። ከአራቱም እግሮች ጫፍ ላይ ወለሉን የሚይዝ ጎማ ይገጠማል፤ ቁመቱም እንደ ተጠቃሚው ከፍና ዝቅ ይደረጋል። ጀርባና የክንድ ማሳረፊያ ያለውም የሌለውም ይገኛል፤ ተቀምጦ ሚዛኑን ለመጠበቅ ለሚቸገር ሰው ግን ሁለቱም ያስፈልጉታል።

ይህን የሚሰማ የጎንደር ሰው «እኛ ድሮስ ተቀምጠን አይደል የምንታጠበው?» ቢል አይፈረድበትም። በብዙ ቤት አረጋውያን ዱካ ወይም በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ሳፋውን ከፊታቸው አድርገው፣ ውሃውን በጆግ እየቀዱ ይታጠባሉ። አደጋው ያለው መቀመጡ ላይ ሳይሆን መቀመጫው ዝቅ ማለቱ ላይ ነው። ዝቅተኛ ዱካ ላይ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ ከዳሌው በላይ ስለሚሆን፣ ለመነሣት ጭኑ የሌለውን ኃይል ይጠየቃል፤ ያን ጊዜ በሳሙና በራሰ እጁ አጠገቡ ያገኘውን ሁሉ ይጨብጣል። የሚጨበጠውም የሳፋው ጠርዝ፣ የቧንቧው መክፈቻ ወይም የበሩ እጀታ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ የሰው ክብደት እንዲሸከም የተሠራ አንድም የለም።

ስለዚህ ከወንበሩ ዋጋና ውበት በፊት ቁመቱ ይለካ። አረጋዊው በባዶ እግራቸው ሲቀመጡ ሁለቱም ውስጥ እግሮቻቸው ሙሉ በሙሉ ወለሉን መርገጥ፣ ዳሌያቸውም ከጉልበታቸው እኩል ወይም ጥቂት ከፍ ማለት አለበት። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት ደንብ ለእንዲህ ያለ መቀመጫ ከ43 እስከ 48 ሴንቲሜትር ይመድባል፤ አጠር ላሉ እናት ግን ይህ ሊበዛባቸው ስለሚችል፣ ከወለሉ እስከ ጉልበታቸው መታጠፊያ በሜትር መለካቱ ከማንኛውም ሠንጠረዥ ይሻላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ እንደሚሞቱ ይገምታል፤ ሞቱ በብዛት የሚያገኘውም ከ60 ዓመት በላይ ያሉትን ነው። በመታጠቢያ ስፍራ ሳሙናው፣ እርጥቡ ወለልና ባዶ እግሩ በአንድ ላይ ይገናኛሉ። በዚህ ላይ ሞቅ ያለ ውሃ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ፣ በተለይ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ድንገት ብድግ ሲል ግፊቱ ወርዶ ዓይኑ ሊጨልም ይችላል። ታጥበው እንደጨረሱ አንድ ሁለት ደቂቃ ተቀምጠው፣ ገላቸውን እዚያው አድርቀው መነሣት የሚመከረው ስለዚህ ነው።

በየቤቱ ያለው የፕላስቲክ ወንበር ይተካዋል ወይ የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ቁመቱ ይስማማ ይሆናል፤ ነገር ግን እግሮቹ በራሰ ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታሉ፣ ክብደት ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብልም ይከፈታሉ፤ ፀሐይ ላይ የኖረ ከሆነ ሳይታሰብ ይሰነጠቃል። እኔ ከእርሱ ይልቅ በያጅ ዘንድ የሚሠራ፣ እግሮቹ ወደ ውጭ ጥቂት ከፈት ያሉ፣ ጠርዙ የተሞረደና ጸረ ዝገት የተቀባ የብረት ወንበር እመርጣለሁ፤ ጫፎቹ ላይ ግን የግድ ጎማ ይግባባቸው፤ ጎማውም ሲያልቅ ይቀየር። ቦታው የሚፈቅድ ከሆነ ከዚህም የሚሻል አለ፦ ለመደብ እንግዳ ያልሆነ የጎንደር ግንበኛ፣ በመታጠቢያው ግድግዳ ሥር ከብሎኬትና ከሲሚንቶ በልክ የተሠራ መደብ ሊያቆም ይችላል። እንዲህ ያለው መቀመጫ አይገለበጥም፣ አይንሸራተትም፤ ላዩ ውሃ እንዳያቁር ጥቂት ዘንበል ይበል እንጂ።

ወንበሩ የሚያስቀምጥ እንጂ የሚያነሣ አይደለምና የሚጨበጥ ብረት አጠገቡ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ግድግዳው ምንድን ነው የሚለው ወሳኝ ነው። የጭቃ ግድግዳ ላይ በምስማር የተመታ መያዣ ሰው ሲደገፈው ተነቅሎ ስለሚመጣ፣ ባይኖር ይሻል ነበር ያሰኛል። ባዶ ብሎኬት ላይም ተራ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ) አያስተማምንም። በእንዲህ ያለ ቤት የሚሻለው፣ እግሩ ወለሉ ውስጥ በኮንክሪት የተቀበረ የውሃ ቧንቧ ብረት ማቆም ነው፤ የአንድ ኢንች ቧንቧ ውጫዊ ውፍረት 33 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ለመጨበጥ ይመቻል። ከወለሉ ከ84 እስከ 91 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ የሚውል አግዳሚ ይኑረው፤ ከግድግዳውም 4 ሴንቲሜትር ገደማ ይራቅ።

በጎንደር ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሻወር ያለው ቤት እንኳ ወደ ባልዲ ይመለሳል። ባልዲው ወለል ላይ ከተቀመጠ፣ ወንበሩ ላይ ያሉት አዛውንት ለእያንዳንዱ ጆግ ማጎንበስ ስላለባቸው የወንበሩ ጥቅም ግማሹ ይጠፋል፤ ስለሆነም ባልዲው የማይነቃነቅ በርጩማ ላይ፣ በሚቀልላቸው እጅ በኩል፣ ከመቀመጫቸው እኩል ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ቀዝቃዛው ውሃ ይቅደም፣ የፈላው ይጨመርበት፤ ይህም ሌላ ሰው በውጭ አድርጎት ይግባ። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ በጥቂት ሰከንዶች ቆዳን ያቃጥላል፤ ስኳር ሕመም የእግራቸውን ስሜት ያደነዘዘባቸው ሰዎች ደግሞ መቃጠላቸውን ዘግይተው ነው የሚያውቁት። ብርዱን ለመከላከል የከሰል ምድጃ አስገብቶ፣ በር ዘግቶ መታጠብ ከከሰሉ በሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሊገድል ይችላል፤ ይልቅ ፀሐይ በሞቀችበት፣ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ መታጠብ ይበጃል። ፀጉራቸውን ቅቤ የሚቀቡ እናቶች ሲታጠቡ ደግሞ ከፀጉሩ የሚወርደው ቅባት ሊሾውን ከሳሙና ባላነሰ ያሙለጨልጨዋል፤ ከመነሣታቸው በፊት ወለሉ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ በጨርቅ ይወልወል።

ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር ቢኖር ሐፍረት ነው። እናት በወንድ ልጃቸው፣ አባት በምራታቸው ፊት መራቆትን ስለሚጠሉ በሩን ከውስጥ ቆልፈው ብቻቸውን ይታገላሉ። ጥሩ ወንበር የሚሰጠው ትልቁ ነገር፣ በእኔ ግምት፣ ይህን መቀነሱ ነው፤ ነጠላ ወይም ፎጣ ጭናቸው ላይ ጣል አድርገው አብዛኛውን ገላቸውን ራሳቸው ይታጠባሉ፣ ረዳት የሚያስፈልገው ለጀርባና ለእግር ብቻ ይሆናል። መቆለፊያው ግን ከውጭም የሚከፈት ይሁን፤ በሩም ወደ ውጭ ይከፈት፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ የወደቀ ሰው ወደ ውስጥ የሚከፈተውን በር በገላው ይዘጋዋልና።

ስትሮክ ያገኛቸው፣ ዳሌያቸው የተሰበረ ወይም ያለ ሰው እርዳታ ከአልጋ የማይወርዱ አረጋውያን ከተራ ወንበር በላይ የሆነ መሣሪያና አነሣሥ ያስፈልጋቸዋል። ለእነርሱ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ማማከር ተገቢ ነው፤ ወደዚያ ሲኬድም የመታጠቢያውን በር ስፋት፣ የደፉን ከፍታና የአረጋዊውን የጉልበት ቁመት በወረቀት ጽፎ፣ የክፍሉንም ፎቶ በስልክ አንስቶ መያዝ ባለሙያው ለዚያው ቤት የሚሆነውን እንዲመክር ያስችለዋል።