ኤፌሜራ ምንድን ነው? ከግብር ደረሰኝ እስከ ደምበጫው ፎቶግራፍ

ኤፌሜራ የሚባለው ለአንድ ቀን ወይም ለአንድ ወቅት ጉዳይ ታትሞ ጉዳዩ ሲያልቅ የሚጣል ወረቀት ነው። የሰርግ ጥሪ ካርድ፣ የአውቶቡስ ትኬት፣ የሎተሪ ዕጣ፣ የምርጫ ፖስተር፣ የግብር ደረሰኝ፣ በየግንቡ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ሁሉ እዚህ ይገባል። መጽሐፍ የሚያሳትም ሰው ለልጅ ልጅ ይቆያል ብሎ ነው፤ ትኬት ያሳተመ ግን ከጉዞው ማግሥት ማን ይፈልገዋል ብሎ አያስብም። ፎቶግራፍ በጥብቅ አነጋገር ኤፌሜራ አይደለም። ሆኖም ከቤተሰብ ሣጥን የሚወጣውም ለመጥፋት የሚፈጥነውም ከእነዚሁ ወረቀቶች ጋር ስለሆነ በቤተ መዛግብት ብዙ ጊዜ አብሮ ይቀመጣል።

ዋጋው ያለው ለታሪክ ተብሎ ባለመጻፉ ላይ ነው። ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሚለውን ይመርጣል፤ ደረሰኝ የሚቆርጥ ጸሐፊ ግን የዕለቱን ሥራ ጨርሶ ወደ ቤቱ ለመሄድ ነው የሚቸኩለው። ስለዚህ ዋጋውን፣ ማዕረጉን፣ የቦታውን ስም በወቅቱ እንደሚነገረው ያሰፍረዋል።

ለጎጃም ከግብር ደረሰኝ የሚቀድም ምሳሌ አላውቅም። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት በጎጃም መሬቱ በአብዛኛው ርስት ነበር። በእናትም በአባትም በኩል ከዋናው አባት ተወለድሁ የሚል ሁሉ ድርሻ መጠየቅ ስለሚችል ክርክሩ ማለቂያ አልነበረውም፤ ግብር የተከፈለበት ቁራጭ ወረቀትም በክርክር ቀን ማስረጃ ይሆናል ተብሎ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ ነበር። መንግሥት በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲያውጅ ገበሬው ርስቴ ተለክቶ ከእጄ ሊወጣ ነው ብሎ ሠጋ። ሞጣና ደጋ ዳሞት አመፁ፤ መንግሥትም በአውሮፕላን እስከ መደብደብ ደረሰ። የአመፁን አጠቃላይ ታሪክ ምሁራን ጽፈውታል። አንድ ቤተሰብ በዚያ ዓመት ከፍሎ ነበር ወይስ አልከፈለም፣ ካቻምናስ ስንት ነበር የሚለውን የሚመልሰው ግን ያ ደረሰኝ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት እጃችሁ ከገባ የከፋዩን ስም አንብባችሁ አትለፉት። ገንዘቡን የተቀበለው ማን ነው? ፊርማ ነው ወይስ የጣት አሻራ? ማኅተሙ የየትኛው ምክትል ወረዳ ነው፣ ያ ምክትል ወረዳስ ዛሬ በስሙ አለ? ተከታታይ ዓመታት ካሉስ የጎደለው ዓመት የቱ ነው? የጎደለው ዓመት ብዙ ጊዜ ካለው በላይ ይናገራል።

ሌላው የአርበኞች ዘመን በራሪ ወረቀት ነው። ከ1932 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ያረፈባቸውን የአማርኛ አዋጆች ከሱዳን እያመጡ ይበትኑ ነበር። ጆርጅ ስቲር የተባለው ጋዜጠኛ የሚመራው የፕሮፓጋንዳ ክፍልም «ባንዲራችን» የተባለ ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር። ጣሊያን በሚገዛው አገር ይህን ወረቀት ይዞ መገኘት አደጋ ነው። አንብቦ ያቃጠለው፣ በቃሉ ለጎረቤት የነገረው፣ የቀበረውም ይኖራል። ከዚያ ሁሉ ተርፎ የተገኘ አንድ ቅጂ እንደ ተራ ወረቀት የሚታይ አይመስለኝም።

ፎቶግራፉን በተመለከተ አንድ ብቻ ልውሰድ። በእንግሊዙ ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም ያለ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመካከል፣ የእንግሊዝ ጦር መኮንኖቹ ብርጋዴር ሳንድፎርድና ኮሎኔል ዊንጌት በግራና በቀኝ ሆነው ጎጃም ውስጥ ባለው ደምበጫ ምሽግ ይታያሉ። መግለጫው ምሽጉ ከተያዘ በኋላ የተነሣ መሆኑን ይገልጽና ቀኑን እንደ ፈረንጆቹ ኤፕሪል 15 ቀን 1941 ይለዋል፤ በእኛ ሚያዝያ 7 ቀን 1933 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን ነው፤ ከስደት ሲመለሱ ከገቡበት የሱዳን ጠረፍ፣ ከኦሜድላ፣ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ደምበጫ ከደብረ ማርቆስ ይቀድማል። እንግዲህ ቀኑ ፎቶው የተነሣበት ነው ወይስ መዝገብ ላይ የሰፈረበት? የቤተ መዛግብት ሰው ሥራ እዚህ ጋ ይጀምራል። ጀርባውን ያያል፣ ከዚያው ጥቅል ያሉትን ሌሎች ፎቶዎች ያነጻጽራል፣ መግለጫውን ሳይሰርዝ ጥያቄውን ከጎኑ ይጽፋል።

በውጭ አገር ስብስቦች ውስጥ ጎጃምን ለሚፈልግ ሰው ስም ትልቅ መሰናክል ነው። ጣሊያኖች ጎጃምን በላቲን ፊደል ሲጽፉ መካከሉ ላይ ሁለት «ጂ» ይደርባሉ፤ በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ብቻ የፈለገ የእነሱን ፎቶ አያገኘውም። ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ነበር። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም በ1873 ዓ.ም. ከመንገሣቸው በፊት ራስ አዳል ስለነበሩ በሁለቱም ስም መፈለግ ይገባል። አገር ውስጥ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት (ወመዘክር) እና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቀዳሚዎቹ መጠየቂያ ቦታዎች ናቸው።

በእነዚህ ተቋማት ዋናው ሕግ ከአንድ ሰው እጅ የመጣውን አለመበታተን ነው። የአንድ መምህር ፎቶዎች፣ የደመወዝ ወረቀቶችና የጥሪ ካርዶች አብረው ከመጡ አብረው፣ በመጡበት ቅደም ተከተል ይቀመጣሉ፤ አንዱ የሌላውን ዘመንና ባለቤት ያስረዳልና። በፌስቡክ አንድ የአርበኛ ፎቶ ዛሬ በአንድ ስም፣ ነገ በሌላ ስም ሲዞር የምናየው ይህ ስለፈረሰ ነው። ከአልበሙ ተነጥሎ፣ ዳሩ ተቆርጦ፣ በጀርባው የነበረው ጽሑፍ ቀርቶ ፊት ብቻ ይሆናል። ያኔ ሁሉም የፈለገውን ስም ይሰጠዋል፤ ይህ ለሟቹም ለቤተሰቡም በደል ነው።

ቤት ያለውን በተመለከተ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምነው ላሚኔት እንዳታስደርጉት ነው። ሙቀቱና ሙጫው ከወረቀቱ ጋር ስለሚዋሃድ ኋላ ማላቀቅ አይቻልም። ገጹ የሚጣበቀው የፕላስቲክ አልበምም ፎቶን ያበላሻል። በክረምት ጭቃ ግድግዳ እርጥበት ስለሚስብ ሣጥኑ ከግድግዳና ከመሬት ይራቅ፤ ከጭስ፣ ከምስጥና ከአይጥም እንዲሁ። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ። ፎቶው ላይ ያሉትን የሚያውቁ አዛውንት ካሉ ስም፣ ቦታና ዘመን ጠይቃችሁ በጀርባው ዳር ላይ በእርሳስ ቀስ ብላችሁ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት በኩል ይዘልቃል። ዘመኑ የእኛ ይሁን የፈረንጅ ለይታችሁ አስፍሩ፤ የሰባት ስምንት ዓመቱ ልዩነት ብዙ ሰው አሳስቷል። ስካን ስታደርጉም ፊቱንም ጀርባውንም፣ ዳሩ ሳይቆረጥ፤ ለፎቶ 600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ይበቃል። ለቤተ መጻሕፍት ለማበርከት ካሰባችሁ ደግሞ ዋናውን ትተው ቅጂ ብቻ የሚወስዱ አሉና አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ስምምነቱም ማን ያየዋል፣ በማን ስም ይመዘገባል የሚለውን በጽሑፍ ይያዝ።