ድሮሴራ በበጋ ስትተኛ

ድሮሴራ ነፍሳት የምትበላ ተክል ናት። ቅጠሏ ላይ ጤዛ የሚመስል አጣባቂ ጠብታ አለ። ትንኝ ካረፈበት አለቀለት። ስሟም «ጤዛማ» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ከድሮሴራ ዝርያዎች ውስጥ ከመሬት በታች ምግብ የሚያከማች ድንች መሰል እብጠት፣ በአጭሩ «ድንች»፣ የሚቋጥሩ አሉ። አብዛኞቹ የደቡብ ምዕራብ አውስትራሊያ ተወላጆች ናቸው፤ በፐርዝ ከተማ ዙሪያ ባለው አሸዋማ አፈርም ይበቅላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጥራ። እኛ «ሰመር»ን ክረምት እያልን ነው ያደግነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነዋ። በፐርዝ ግን ዝናቡ የሚመጣው ከብርዱ ጋር፣ ከግንቦት እስከ መስከረም ገደማ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ሙቀትና ድርቅ ነው። ስለዚህ ተክሏ የምትተኛበትን ወቅት በጋ ብንለው ይሻላል።

ድንች የምትቋጥረው ድሮሴራ በእርጥቡ ወቅት ትበላለች፣ ታብባለች፣ ያጠራቀመችውንም ወደ አዲስ ድንች ታወርዳለች። አሮጌው ድንች ተሟጦ ልጣጭ ብቻ ይቀራል። ሙቀቱ ሲመጣ ቅጠሉ ይደርቃል፣ ድንቹ ጥልቀት ውስጥ ይተኛል። ሰደድ እሳት እንኳ ከላይ ያልፋል። እንዲያውም ድሮሴራ ዞናሪያ የተባለችው ዝርያ ከእሳት በኋላ ካልሆነ እምብዛም አታብብም።

ቤት ውስጥ የሚያሳድጋት ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን «ውሃ ጠማት» ብሎ ያጠጣል። ድንቹ ይበሰብሳል። በእድገቷ ወራት መትከያዋ ውሃ ባለበት ሰሃን ላይ ይቀመጣል፤ ውሃውም የዝናብ ወይም ከማዕድን የተጣራ መሆን አለበት። ቢጫው ሲጀምር ሰሃኑን ማንሳት ነው። አፈሩ ግን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሳምንታት ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ አዲሱ ድንች ገና እየሞላ ነውና። ቅጠሉንም ራሱ እስኪደርቅ አትቁረጡት።

ከዚያ በኋላ ጥላ ይፈለግላታል። በዱር ጥልቁ አፈር ድንቹን ከሙቀት ይጠብቀዋል። ፀሐይ ላይ የተተወ ጥቁር የፕላስቲክ መትከያ ግን እንደ ምጣድ ነው።

አፈሩ ፍጹም ይድረቅ ወይስ ትንሽ ርጥበት ይኑረው? አሳዳጊዎች በዚህ አይስማሙም። እኔ መጠኑን አያለሁ። ትልቅ ድንች ድርቀት ይችላል፤ የዘንድሮ ችግኝ የሠራው ጥቃቅን ድንች ግን ጨርሶ ከደረቀ ይጨማደዳል። አንዳንዶች ድንቹን አውጥተው እርጥበቱ በጣት ብቻ በሚታወቅ ፒት ሞስ (ከረግረግ የሚወጣ የበሰበሰ ሽበት) ውስጥ ከተው በሚዘጋ ላስቲክ ያስቀምጡታል። ይህ ድንቹ መባዛቱን ለመቁጠር ይመቻል። ስሙን ላስቲኩ ላይ መጻፍ ግን ግድ ነው፤ አንዱ ዝርያ ከሌላው በድንቹ ብቻ በቀላሉ አይለይም።

የምትነቃው አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ይህ ብዙውን ጊዜ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሆናል። ቡቃያ እስኪታይ ጠብቆ ማጠጣት ነው፤ አፈሩ ገና ትኩስ እያለ የሚያጠጣ ድንቹን ያበሰብሳል። ከአውስትራሊያ የመጣ ድንች ደግሞ ካላንደሩ በስድስት ወር ስለሚዛባበት እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል።

አንዳንዱ ድንች አንድ ዓመት ሙሉ ተኝቶ በሚቀጥለው ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ባዶ የመሰለውን መትከያ ወዲያው አትድፉት።