የሙዚቃ ድግስ አዘጋጆች በአዲስ አበባ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የሙዚቃ ድግስ አዘጋጅ፣ በተለምዶ «ፕሮሞተር» የሚባለው፣ ድምፃዊና ባንድ ተዋውሎ፣ አዳራሽ ወይም ሜዳ ተከራይቶ፣ ፈቃድ አውጥቶና ቲኬት ሸጦ ዝግጅቱን ለመድረክ የሚያበቃ ግለሰብ ወይም ድርጅት ነው። ከድምፃዊው፣ ከአቀናባሪውና ከአሳታሚው የሚለየው ዋናው ነገር አዳራሹ ባዶ ከቀረ ኪሳራው የእሱ መሆኑ ነው። በአዲስ አበባ ይህን ኪሳራ የሚሸከመው ወገን በየዘመኑ ተለዋውጧል፤ መጀመሪያ መንግሥት፣ ቀጥሎ የመጠጥ ቤትና የሆቴል ባለቤት፣ ከዚያም የግል አዘጋጅ፣ በኋላ ደግሞ በስፖንሰርነት የቢራ ፋብሪካ ተሸክሞታል።

የተቋማት ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» ተብለው የሚታወቁት፣ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ለዘመናዊው ሙዚቃ መሠረት ከጣሉ ወዲህ፣ ሙያው ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት በመንግሥት ተቋማት እጅ ቆይቷል። ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስ፣ ሀገር ፍቅርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር) እያንዳንዳቸው የራሳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ፣ መሣሪያውም አዳራሹም የመንግሥት ስለነበሩ ወንበሩ ሞላ አልሞላ ብሎ የሚጨነቅ ሰው አልነበረም። በአንጻሩ የክቡር ዘበኛ ድምፃዊ ወታደር ነው፤ ካለቃው ፈቃድ ውጭ አይንቀሳቀስም። ጥላሁን ገሠሠ ከታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በኋላ ከክፍሉ ባልደረቦች ጋር መታሰሩ ድምፃዊው የማን እንደነበር በግልጽ ያሳያል።

ሌሊቱ ግን ሌላ ባለቤት ነበረው። የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራ ሰዓት ውጭ በከተማው ክለቦች ይጫወቱ ነበር፤ ከእነዚህም አንዱ አሪዞና ክለብ ነው። ማሕሙድ አሕመድ በ1950ዎቹ አጋማሽ በዚህ ቤት በተላላኪነትና በጥገና ሥራ ተቀጥሮ ሳለ፣ አንድ ምሽት ድምፃዊው ሲቀር አንድ ሁለት ዘፈን ልሞክር ብሎ ጠይቆ ወደ መድረክ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ የክቡር ዘበኛ ባንድ ወሰደው። ያን ጊዜ የክለቡ ባለቤት ማለት አዘጋጁ ነበር። ጊታሩም፣ ከበሮውም፣ ማጉያውም የእሱ ወይም የእሷ ንብረት ስለሆነ ሙዚቀኛው ባዶ እጁን ገብቶ ባዶ እጁን ይወጣል፤ ከባለቤቱ ጋር የተጣላ ቀን መሣሪያ አልባ ይሆናል።

ከሁሉ የሚቀድመው የአዝማሪ ቤት አሠራር በዚህ ረገድ የተለየ ነው። ቲኬት የለም፣ መግቢያ አይከፈልም፤ ባለቤቷ ከመጠጡ፣ አዝማሪው ከሽልማቱ ይኖራሉ። ብር በግንባር ላይ የመለጠፉ ልማድ ዛሬም በትልልቅ ኮንሰርቶች ሳይቀር የሚታየው ከዚያው ወርዶ ነው።

አምሃ እሸቴና የግል አዘጋጅነት መጀመር

የግል አዘጋጅነት ታሪክ ሲነሣ ከአምሃ እሸቴ ስም መጀመር ተገቢ ነው። አምሃ ገና በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ሐራምቤ የተባለ የሙዚቃ ቤት ከፍተው የውጭ አገር ሸክላ ይሸጡ ነበር። ደንበኛው ግን የአገሩን ዘፈን ይጠይቃል፤ የአገሩ ዘፈን ደግሞ በሬዲዮና በቴአትር ቤት ካልሆነ አይገኝም። ሸክላ የማሳተምና የማስገባት መብት ንጉሠ ነገሥቱ ባወጡት ድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ እንደነበር በብዙዎች ይነገራል፤ ሀገር ፍቅር ግን በዘመናዊው ሙዚቃ ረገድ መብቱን ብዙም አልሠራበትም። አምሃ ይህን እያወቁ እ.ኤ.አ. በ1969 «አምሃ ሪከርድስ»ን አቋቋሙ። የመጀመሪያው ሥራ የዓለማየሁ እሸቴ ሲሆን፣ ቅጂው ተልኮ የታተመው ሕንድ አገር ነበር። ሸክላው ሲደርስ ድምፅ ማጉያ ወደ ደጅ አውጥተው እንዳጫወቱት፣ መንገደኛውም እዚያው መንገድ ላይ እየጨፈረ መኪና ማለፊያ እንዳጣ እሳቸው በኋላ ተርከውታል። ይከሰሳሉ ተብሎ ተሠግቶ የነበረ ቢሆንም የከሰሳቸው አልነበረም።

እስከ እ.ኤ.አ. 1975 ድረስ ድርጅቱ 103 ነጠላ ሸክላዎችና ዐሥራ ሁለት ያህል አልበሞች አወጣ፤ ጥላሁን ገሠሠ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ ሒሩት በቀለ፣ ሙሉቀን መለሰ፣ ግርማ በየነና ሙላቱ አስታጥቄ በዚህ ድርጅት ከተቀዱት መካከል ናቸው። አምሃን በሸክላ አሳታሚነት ብቻ የሚያነሷቸው ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው፤ ለቀጥታ ሙዚቃ ያደረጉት ግን ከዚያ አያንስም። ዘፋኙ በሸክላው ላይ በገዛ ስሙና በገዛ ፎቶግራፉ ሲወጣ «የክቡር ዘበኛው» ወይም «የፖሊሷ» መባሉ ቀርቶ፣ ሆቴሉም ክለቡም በስሙ ሊዋዋለው ቻለ።

ሁለተኛው እርምጃ የመጣው ከሙዚቀኞቹ ነው። ዋልያስ ባንድ የራሱን መሣሪያ ገዝቶ፣ በሂልተን ሆቴል ዐሥር ዓመት ለተጠጋ ጊዜ በውል ሠርቷል። መሣሪያው የባንዱ በመሆኑ ሆቴሉ አገልግሎቱን ገዢ እንጂ ጌታ አልነበረም። ከተቋማት ውጭ የቆመው የመጀመሪያው ባንድ ማን ነው በሚለው ላይ ሶል ኤኮስን የሚያስቀድሙ አሉ፤ ሆኖም የረጅም ጊዜ የሆቴል ውልን ልማድ ያደረገው ዋልያስ መሆኑ አያጠራጥርም። በራስ ሆቴል ይሠራ የነበረውና በኋላ ሮሃ የሆነው አይቤክስ ባንድ በዚሁ መንገድ የቆመ ነው።

የደርግ ዘመን

ሰዓት እላፊው ከተማውን በጊዜ ቤቱ ስላስገባው፣ የቀሩት ክለቦች በር ዘግተው ታዳሚውን እስከ ንጋት ያስተናግዱ ነበር፤ መድረኩን በየቀበሌው የኪነት ቡድን፣ ገበያውን ካሴት ተረከበው። መንግሥት በአዘጋጅነት ያከናወነው ትልቁ ሥራ በ1980 ዓ.ም. ግድም በረሃቡ ጊዜ ለረዱ አገሮች ምስጋና ለማቅረብ የተጓዘው «ሕዝብ ለሕዝብ» የኪነት ጉዞ ነው።

ባሕር ማዶ

አምሃ ከአብዮቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ሥራቸው ግን አብሯቸው ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ባንድን ከማሕሙድ አሕመድ፣ ከጌታቸው ካሳና ከሌሎች ድምፃውያን ጋር ወደ አሜሪካ አስመጥተው በየከተማው አዞሩ። ታዳሚው በአብዛኛው ስደተኛው ነበር። ጉዞው ሲያበቃ ከፊሉ ባንድ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ፣ ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ። አምሃ በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ በዋሽንግተንም በአዲስ አበባም የታዘነላቸው ስለ ሸክላዎቹ ብቻ አይደለም።

በቺካጎ የዳሎል ባንድ አባል የነበረው ዘለቀ ገሠሠ ከጓደኞቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 የከፈተው «ዋይልድ ሄር» ለሃያ አምስት ዓመት ያህል የሬጌ መድረክ ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ በሰኔ ማብቂያ ግድም የሚያካሂደው ውድድር ደግሞ፣ ስሙ የእግር ኳስ ቢሆንም፣ ለአዘጋጆች የዓመቱ ትልቁ ገበያ ነው፤ ቀን ኳስ፣ ማታ ኮንሰርት። ከአዲስ አበባ የሚሄድ ድምፃዊ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በየከተማው እየተዘዋወረ እስከ እንቁጣጣሽ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው አገሮችም አሠራሩ ተመሳሳይ ነው፤ በነዚህ አገሮች የአዘጋጁ ትልቁ ሥጋት የቲኬቱ ሽያጭ ሳይሆን ቪዛው ነው።

ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ

ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሌ ስድሳኛ ዓመት ልደት በመስቀል አደባባይ ሲከበር፣ አዲስ አበባ በመቶ ሺዎች የሚገመት ሕዝብ የታደመበት ኮንሰርት አየች። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ በቦሌ የተሠራው ሚሊኒየም አዳራሽ በዋዜማው ብላክ አይድ ፒስን፣ በጥቅምት 2000 ዓ.ም. ደግሞ ቢዮንሴን አስተናገደ። እነዚህ ዝግጅቶች ለአገር ውስጡ ድምፃዊ ያስገኙት ቀጥተኛ ጥቅም አከራካሪ ሊሆን ይችላል፤ ለአዘጋጆቹ ግን ትልቅ ትምህርት ቤት ነበሩ። ዘናጭ መድረክ፣ የመብራት ዝግጅት፣ የመግቢያ ደረጃ ልዩነትና የጥበቃ አደረጃጀት ከዚያ በኋላ የተለመዱ ሆነዋል። ቀድሞ በጣሊያኑ ፋብሪካ ስም «ሞንታርቦ» እየተባለ የሚጠራው ድምፅ ማጉያ በሁለት ጥግ ተደርድሮ ይበቃ ነበር።

የስፖንሰርነቱ ዘመን በጎም ክፉም ነበረው። የቢራ ፋብሪካዎች የድምፃዊውን ክፍያና የመድረኩን ወጪ ሲሸፍኑ፣ አዘጋጁ ቲኬቱን ረከስ አድርጎ ክልል ከተሞች ድረስ መሄድ ቻለ። ነገር ግን ኪሳራውን የሚሸከመው ሰው ውሳኔውንም ይወስዳል። በ2006 ዓ.ም. ቴዲ አፍሮ በበደሌ ቢራ ስፖንሰርነት ሊያካሂደው የነበረው ጉዞ፣ በአንድ መጽሔት በስሙ ወጣ በተባለና እሱ ግን አላልኩም ባለው አነጋገር ሳቢያ የቢራው ተቃዋሚዎች ዘመቻ ሲከፍቱ፣ ፋብሪካው በመውጣቱ ቀረ። በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ የዚሁ ድምፃዊ የአልበም ምርቃት በሂልተን፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ኮንሰርቱም ፈቃድ ባለመገኘቱ ተሰረዙ፤ በወራት ልዩነት፣ በጥር 2010 ዓ.ም.፣ በባሕር ዳር ስታዲየም መድረክ አገኘ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ (ቁጥር 1112/2011) በአልኮል ማስታወቂያ ላይ ገደብ ሲጥል አዘጋጁ ከቢራ ፋብሪካ ወደ ባንክና ወደ ቴሌኮም ዞሮ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ያው ሚሊኒየም አዳራሽ የሕሙማን ማከሚያ ሆኖ፣ መድረክ ይቆምበት በነበረው ወለል ላይ አልጋ ተዘረጋ።

ትንንሾቹ ቤቶች

ከትልቁ መድረክ ይልቅ ሙዚቀኛውን ከሳምንት ሳምንት ያቆዩት ትንንሾቹ ቤቶች ናቸው። በጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዛምባ ሆቴሉ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ሲቃጠል አብሮ ጠፋ። በግዮን ሆቴል የሙላቱ አስታጥቄ የአፍሪካ ጃዝ መንደር፣ በካዛንቺስ ደግሞ ፈንድቃ ለወጣት ተጫዋቾች በር ከፍተዋል። ፈንድቃ ሰፊ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። መላኩ በላይ በዚያ አዝማሪ ቤት ለዓመታት ያለ ደመወዝ፣ በሽልማት ብቻ እየጨፈረና እዚያው እያደረ ኖሮ፣ በኋላ ቤቱን ራሱ ተከራይቶ አዘጋጅ ሆነ። አዝማሪውን ከጃዝ፣ ከሥዕልና ከግጥም ጋር በአንድ ጣራ ሥር አገናኘ፤ «ኢትዮ ከለር» የተባለውን ቡድኑንም ወደ አውሮፓና አሜሪካ መድረኮች ወሰደ። ካዛንቺስ ሲፈርስ ፈንድቃም የቀድሞ ቦታውን ለቋል።

አንድ ኮንሰርት እንዴት ይዘጋጃል

ሥራው ከቀን መቁጠሪያ ይጀምራል። በአብይ ጾም 55 ቀናት ኮንሰርት ማዘጋጀት ኪሳራን መጥራት ነው፤ ክረምትም ለሜዳ አይሆንም። ስለዚህ አዘጋጁ የሚሻማው ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ለገና ሰሞንና ከፋሲካ በኋላ ላሉት ቅዳሜዎች ነው። ቀኑ ሲቆረጥ ለድምፃዊው ቀብድ ይከፈላል፤ ቀሪው ወደ መድረክ ከመውጣቱ በፊት በእጁ ካልገባ የማይወጣ አለ። ባንዱ ልምምድ የሚያደርግበት ቤት፣ ሳውንድ፣ ጄኔሬተር፣ የመድረክ እንጨትና ብረት፣ ጥበቃ፣ የፖስተር ለጣፊዎች ክፍያ ይከተላሉ። ቲኬት በካፌዎችና በሙዚቃ ቤቶች ይሸጥ የነበረው አሁን በአብዛኛው በቴሌብር ሆኗል። ይህም የሐሰተኛ ቲኬትን ጣጣ ቀንሶታል፤ በር ላይ ካልሆነ አልገዛም የሚለውን የከተማ ሰው ልማድ ግን አላስለወጠም። በዚህ ምክንያት አዘጋጁ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ትርፍ ይሁን ኪሳራ አያውቅም። ቲኬቱ ላይ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተብሎ ተጽፎ ዋናው ድምፃዊ ሌሊት አምስት ሰዓት የሚወጣውም በከፊል በር ላይ ያለው ሰልፍ እስኪያልቅ ነው።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 410/1996፣ በ872/2007 የተሻሻለው) ዘፈን በአደባባይ ሲቀርብ ለግጥምና ለዜማ ደራሲው መብት ይሰጣል። አዘጋጆች ክፍያውን በአብዛኛው ለድምፃዊው ከሰጠነው ውስጥ ነው ይላሉ፤ ደራሲዎቹ በዚህ አይስማሙም፤ የሕጉም አነጋገር ለደራሲዎቹ ያደላል።

ዝግጅቱ ሲያልቅ፣ ታዳሚው ታክሲ ፍለጋ ሲተራመስ፣ ከመድረኩ ጀርባ ሒሳብ ይጀመራል። ሳውንዱን ያከራየው ሰው ገመዱን ሳይጠቀልል ቀሪውን ይቀበላል፤ ባንዱ ይከፈለዋል፤ ጥበቃዎቹ ተሰልፈው በስም ይጠራሉ፤ አዳራሹ መያዣውን ቆጥሮ የተሰበረ ወንበር ካለ ይቀንሳል። ከሽያጩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይነሣል። የቀረው፣ ከቀረ፣ የአዘጋጁ ነው።