ዴቪድ ስቱዋርት፣ የሮትሴይ ዱክ (1378–1402)

ዴቪድ ስቱዋርት የስኮትላንዱ ንጉሥ የሣልሳዊ ሮበርትና የንግሥት አናቤላ ድራመንድ የበኩር ልጅ ነው። አልጋ ወራሽና የአገሪቱ እንደራሴ ነበር፤ በ23 ዓመቱ በአጎቱ እጅ ታስሮ ሞተ። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው ኦክቶበር 24 ቀን 1378 ነው። አባቱ ጆን ይባል ነበር፤ በ1390 ሲነግሥ ግን፣ እንግሊዞች ከዙፋን ያወረዱት የንጉሥ ጆን ባሊየል ውርደት ገና ስላልተረሳ፣ ስሙን ለውጦ ሮበርት ተባለ። ገዱ ግን ከስሙ ጋር አልተለወጠም። ገና ሳይነግሥ በ1388 ፈረስ ረግጦት አካሉ ተጎድቶ ነበር፤ በዚያው ዓመትም ሥልጣኑ ለታናሽ ወንድሙ ለፋይፍ ኧርል (ኧርል ከዱክ በታች ያለ የመኳንንት ማዕረግ ነው) ተላለፈ። ዘውዱ በአንዱ ወንድም ራስ ላይ፣ ሥልጣኑ በሌላው እጅ ሆኖ ቆየ።

ኤፕሪል 28 ቀን 1398 ንጉሡ ልጁን የሮትሴይ ዱክ፣ ወንድሙን ደግሞ የአልባኒ ዱክ አደረጋቸው። ስኮትላንድ ዱክ ስትሾም የመጀመሪያዋ ሲሆን፣ የሮትሴይ ማዕረግ እስከ ዛሬ የአልጋ ወራሹ ነው። አጎትና የወንድም ልጅ በአንድ ቀን እኩል ማዕረግ ማግኘታቸው ማን ማንን እንደሚበልጥ አልለየም።

በጃንዋሪ 1399 ፐርዝ ላይ የተቀመጠው ጉባኤ ንጉሡ በሕመም ምክንያት ማስተዳደር ስላልቻለ ዴቪድን እንደራሴ አድርጎ ሾመው። ሹመቱ ለሦስት ዓመት ብቻ ነበር። ሃያ አንድ አማካሪዎች ተመደቡለት፤ ከስም ዝርዝሩ አናት ላይ ያለው አልባኒ ነው። ንጉሡ የልጁን ሥራ በተቃራኒ ትእዛዝ እንዳያሰናክል ተከለከለ። ገደቡ የታሰበበት ነው፤ ወጣቱ ሥልጣን ቢሰጠውም ያለ አማካሪዎቹ ብዙ እንዳይራመድ ታስቦ የተሠራ ነው።

ጠቡን ያከረረው ጋብቻ ነው። ዴቪድ የማርች ኧርልን የጆርጅ ደንባርን ልጅ ኤልሳቤጥን ለማግባት ተስማምቶ፣ አባቷም ገንዘብ ከፍሎ ነበር። የዳግላሱ ኧርል አርቺባልድ ግን የበለጠ ሰጠ፤ በ1400 ዴቪድ በቦዝዌል ቤተ ክርስቲያን የአርቺባልድን ልጅ ሜሪን አገባ። የተከፈለው ገንዘብ ያልተመለሰለት ደንባር ወደ እንግሊዝ ንጉሥ ወደ ራብዓዊ ሄንሪ ገባ። ሄንሪ በኦገስት 1400 ወረራ ሲከፍት ዴቪድ በኤድንብራ ምሽግ ተከትሮ ተከላከለ። የእንግሊዝ ጦር ስንቁ አልቆ ባዶ እጁን ተመለሰ። የእንግሊዝ ንጉሥ ራሱ ጦር እየመራ ስኮትላንድን ሲወርር የመጨረሻው ይህ ነው፤ ይህን ለዴቪድ መንፈግ ተገቢ አይሆንም።

ከዚያ ድጋፎቹ አንድ በአንድ ረገፉ። ዐማቱ አርቺባልድ በ1400 በገና ዋዜማ፣ እናቱና የቅዱስ እንድርያስ ጳጳስ ዋልተር ትሬይል በ1401 ሞቱ። ዴቪድ የአማካሪዎቹን ቃል እየዘለለ ከወደብ ከተሞች የቀረጥ ገንዘብ መውሰድ ጀምሮ ነበር። የእንደራሴነቱ ጊዜ ሊያበቃ ሲል የጳጳሱን ምሽግ ለመረከብ ወደ ቅዱስ እንድርያስ ሲጓዝ መንገድ ላይ ተያዘ። ከያዙት አንዱ ሰር ጆን ራሞርኒ የራሱ ባለሟል ነበር።

አልባኒና አዲሱ የዳግላስ ኧርል ወደ ፎክላንድ ምሽግ ወሰዱት። ይህ ዳግላስ የዴቪድ ሚስት ወንድም፣ የዴቪድ እህትም ባል ነው። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ የጻፈው የኢንችኮልም አበምኔት ዋልተር ባወር፣ ልዑሉን ሻካራ ካባ አልብሰው በበቅሎ ላይ አድርገው በዶፍ ዝናብ እንደነዱት ይናገራል። በማርች 1402 መጨረሻ ሞተ። ባወር በተቅማጥ ወይም፣ ሌሎች እንደሚሉት፣ በረሃብ ነው ይላል። አንዲት ሴት በድብቅ እንደመገበችው የሚተርከው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ የተጨመረ ነው።

በሜይ 1402 ጉባኤው ሞቱ በእግዚአብሔር ፈቃድ እንጂ በሌላ አይደለም ብሎ ሁለቱን ነፃ አወጣ፤ በእነርሱ ላይ ማጉረምረምንም ከለከለ። ነፃ የሆነ ሰው ጉርምርምታ የሚያስፈራው ለምን እንደሆነ ሰነዱ አይልም።

ታናሽ ወንድሙ ጄምስ ለደኅንነቱ ወደ ፈረንሳይ ሲላክ በ1406 በባሕር ላይ በእንግሊዞች ተማረከ፤ አባታቸው ኤፕሪል 4 ቀን በዚያው ዓመት ሞተ። ጄምስ ከ18 ዓመት ምርኮ በኋላ ተመልሶ በ1425 የአልባኒን ልጅ መርዶክን ከሁለት ልጆቹ ጋር ስተርሊንግ ላይ አስገደለ። ባወር እንደሚለው፣ በሊንዶርስ ገዳም በተቀበረው በዴቪድ አስከሬን ዘንድ ለዓመታት ተአምራት ይታዩ ነበር፤ ጄምስ ገዳዮቹን መቅጣት ሲጀምር ግን ተአምራቱ ቆሙ።