በቪአር የታካሚ አነጋገር ሥልጠና

ቪአር (ምናባዊ እውነታ) በኮምፒውተር የተሠራን ዓለም፣ ብዙ ጊዜ በመነጽር፣ እንደ እውነተኛ የሚያሳይ ቴክኖሎጂ ነው። በዚህ ሥልጠና የሕክምና ተማሪዎች በኮምፒውተር ከተሠራ ታካሚ ጋር እየተነጋገሩ ይለማመዳሉ። ተማሪው የሕመሙን ታሪክ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ ከባድ ዜናም ይናገራል። ከተሳሳተ የሚጎዳ ሰው የለም። እንደገና ይሞክራል።

እኛ ዘንድ መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። ማን ይንገር፣ መቼ ይነገር ተብሎ ይመከርበታል። ሐኪም ግን ክፉ ዜናን ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው የሚናገረው። ስለዚህ ልምምዱ ቅንጦት አይደለም።

መነሻው ኮምፒውተር አልነበረም። በ1963 እ.ኤ.አ. በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሙ ሃዋርድ ባሮውስ አንዲት ጤነኛ ሴት አሠለጠነ። ሴትየዋ እግሯ የማይታዘዝላት የመልቲፕል ስክለሮሲስ (የነርቭ በሽታ) ታካሚ ሆና ቀረበች። ተማሪዎቹ ከመረመሯት በኋላ እንዴት እንደያዟት ትናገር ነበር። ብዙ የሙያ ባልደረቦቹ ናቁት። እሱ ግን አልተወውም፤ በ1964 ከስቲቨን አብርሃምሰን ጋር ጽፎ አሳተመው። ዛሬ ታካሚ መስለው የሚቀርቡ ሰዎች በብዙ አገር የሕክምና ትምህርት ውስጥ አሉ። ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ በ1975 ከዳንዲ፣ ስኮትላንድ ያስተዋወቁት ኦስኪ የተባለው የተግባር ፈተናም ይጠቀምባቸዋል።

በ2000ዎቹ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ቤንጃሚን ሎክና ባልደረቦቹ ተማሪዎች የሚያነጋግሯቸውን በኮምፒውተር የተሠሩ ታካሚዎች ሠሩ።

ጠንካራው ማስረጃ በ2017 የታተመው የፍሬድሪክ ክሮንና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ማይክል ፌተርስ ቡድን ጥናት ነው። ከሦስት የአሜሪካ ሕክምና ትምህርት ቤቶች 421 የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ኤምፓቲክ ቪአር በተባለው ፕሮግራም ከምናባዊ ሰዎች ጋር ተነጋገረ፣ ስለ አነጋገሩም አስተያየት ተሰጠው። ሌላው በተለመደው የኮምፒውተር ትምህርት ተማረ። በኋላ ኦስኪ ላይ የመጀመሪያው ቡድን በልጦ ተገኘ።

ኤምፓቲክ በስክሪን ስለሚሠራ ቪአር ሊባል አይገባም የሚሉ አሉ። ነገር ግን የቪአር መነጽር የተማሪውን ዓይን ስለሚሸፍን የፊቱን ሁኔታ ማየት ያስቸግራል፤ በንግግር ደግሞ ፊት ትልቁ ነገር ነው።

መነጽሩ የሚያምርበት ሌላ ቦታ አለ። ኬሪ ሾው በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ቺካጎ በሠራችው ፕሮግራም ተማሪው ራሱ የ74 ዓመቱን አልፍሬድን ይሆናል። የሚያየው መሃል ላይ ይጠቁርበታል፣ ንግግርም በደንብ አይሰማውም። ሐኪሙ ሲያናግረው እንዴት እንደሚሰማ በታካሚው ወንበር ላይ ሆኖ ያውቀዋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሕክምና የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ታካሚው ግን «ምች መታኝ»፣ «ጎኔን ወጋኝ» ይላል። ለእኛ ተማሪዎች የሚሠራ ምናባዊ ታካሚ እንዲህ ብሎ የሚያማርር መሆን አለበት።