ሰሜን ሸዋ ላይ ማን ገባ ማን ወጣ፦ ስለ እጩዎችና ተሰናባች ፖለቲከኞች

ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት ነው፣ አንዱ የኦሮሚያው ዋና ከተማው ፍቼ የሆነው፣ ሌላው ደብረብርሃን ላይ ያለው የአማራ ክልሉ። እዚህ የማወራው ስለ ደብረብርሃኑ ነው፣ ከአንኮበርና ምንጃር ጀምሮ እስከ መንዝና ግሼ፣ በዛ በኩል ደግሞ መርሐቤቴ ሚዳ ድረስ። ለ2018 የተያዘው 7ኛው ጠቅላላ ምርጫ ሲቃረብ ሰው የሚጠይቀው "ማን ሊወዳደር ነው?" ብሎ ነው፣ ልክ ነው፣ ግን እኔ እኩል መጠየቅ አለበት የምለው "የነበረውስ እንዴት ነው የሚሰናበተው?" የሚለው ነው፣ ምክንያቱም እዚህ አገር ፖለቲከኛ ሲገባ እንጂ ሲወጣ በወግ አይደለም።

መጀመሪያ አሠራሩን። የህዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 ወንበር አለው፣ ከዛ ውስጥ 138ቱ የአማራ ክልል ናቸው። ዘመኑ 5 ዓመት ነው፣ በየምርጫ ክልሉ አንድ ሰው፣ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያልፋል፣ ግማሽ አልሞላም ብሎ ነገር የለም። መራጭ ከ18 ዓመት ጀምሮ ነው፣ እጩ ደግሞ ከ21። መራጩ ሁለት ወረቀት ነው የሚሰጠው፣ አንዱ ለፌዴራል ሌላው ለክልል ምክር ቤት፣ የክልሉ 294 መቀመጫ ስላለው እዛኛው ላይ ከአንድ ሰው በላይ መምረጥ ይቻላል፣ ይሄ ደግሞ ገጠር ላይ ብዙ ሰው ያደናግራል። ስንት ጊዜ መመረጥ ይቻላል የሚል ገደብ ግን ለፓርላማ አባልም ለጠቅላይ ሚኒስትርም የለም፣ ሕገ መንግሥቱ ከሁለት ጊዜ በላይ አይቻልም ያለው ለፕሬዚዳንቱ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ የህዝብ እንደራሴ መቼ እንደሚያበቃ የሚወስነው በአብዛኛው ፓርቲው ነው፣ ዝርዝር ሲወጣ ስሙ ከሌለ በቃ የለም።

ወደኋላ ብናይ የንጉሡ ጊዜ ፓርቲ አልነበረም። በ1948 ከተሻሻለው ሕገ መንግሥት በኋላ የመጀመሪያው ምርጫ በ1949 ተደረገ፣ እጩው ዕድሜው 25 የሞላና በሚወዳደርበት ቦታ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት፣ ይሄ ማለት ጭሰኛው ይመርጣል እንጂ አይመረጥም ማለት ነው። በየ4 ዓመቱ እስከ 1965 አምስት ጊዜ ተመረጠ፣ ከዛ መስከረም 1967 ደርግ ሲመጣ ፓርላማው ተዘጋና ሁሉም ባንድ ቀን ተሰናበቱ። በ1979 የተመረጠው ሸንጎም፣ ያኔ ፓርላማው እንደዛ ነበር የሚባለው፣ እንዲሁ፣ እጩዎቹን ያጣራው ብቸኛው ፓርቲ ኢሠፓ ነበር፣ 1983 ላይ ከመንግሥቱ ኃይለማርያም ጋር አብሮ ሄደ።

ደብረብርሃን እራሷ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከባድ ቦታ አላት። የመአሕዱ (የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅት) መሪ ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ታህሳስ 1985 እዛ ባደረጉት ንግግር ምክንያት ተከሰው ተፈረደባቸው፣ የ1987 ምርጫ ሲደረግ እስር ቤት ነበሩ፣ በኋላም ለህክምና ወጥተው 1991 ላይ አሜሪካ አረፉ። ብዙ ሰው እዚህ አካባቢ ልጁ ፖለቲካ ውስጥ ልግባ ሲለው "ተው ልጄ" የሚለው ዝም ብሎ ፈሪ ሆኖ አይደለም፣ የሚያስታውሰው ነገር ስላለው ነው።

ኢህአዴግ 2002 አካባቢ መተካካት የሚባል ነገር አመጣ፣ ነባሮቹ ይውጡ ወጣቱ ይግባ ተባለ፣ እነ አዲሱ ለገሰ፣ ስዩም መስፍን፣ ተፈራ ዋልዋ ከሚኒስትርነት የወጡት ያኔ ነው። በሀሳብ ደረጃ ጥሩ ነበር፣ ግን ተተኪውን የመረጠው ፓርቲው ነው፣ መራጩ አልተጠየቀም፣ በዛው ዓመት ምርጫ ከገዢው ፓርቲና ከአጋሮቹ ውጪ ፓርላማ የገባው አንድ የመድረክ (የተቃዋሚዎች ጥምረት) ሰውና አንድ የግል ተወዳዳሪ ብቻ ነበር። በፈቃዴ ለቀቅኩ ብሎ የወጣ ጠቅላይ ሚኒስትር ደግሞ ኃይለማርያም ደሳለኝ ናቸው፣ የካቲት 2010፣ ለዚህ አገር አዲስ ነገር ነበር።

ጡረታውን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 653/2001 አለ፣ ከኃላፊነት የተነሱ መሪዎች፣ ሚኒስትሮች፣ የምክር ቤት አባላትና ዳኞች ምን እንደሚያገኙ ይዘረዝራል፣ እንደ ደረጃው ቤት መኪና ህክምና፣ የስንብት ክፍያ። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ግን ከፕሬዚዳንትነት ከወረዱ በኋላ 1997 ላይ በግል ተወዳድረው ደምቢዶሎ ላይ ሲያሸንፉ ጥቅማጥቅማቸው ተቋረጠ፣ ምክንያቱ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ከፖለቲካ መራቅ አለበት የሚል ሕግ ነው። ያ ነገር ለኔ እስካሁን አይዋጥልኝም፣ ሰውየው የሰራው ስህተት ህዝብ ፊት ቀርቦ ምረጡኝ ማለቱ ነው?

አሁን ስለ አዲሶቹ። የሸዋ እጩ ብዙ ጊዜ ወይ አስተማሪ ነው ወይ የወረዳ ሰራተኛ ወይ አዲስ አበባ የሚኖር የአገር ልጅ፣ ደብረብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ስለሆነች ቅዳሜ መጥቶ ቀስቅሶ እሁድ ማታ መመለስ ይቻላል፣ ራቅ ያሉት መሐል ሜዳ ወይ መራኛ ሲሆን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፖስተር መለጠፍ ብቻውን ሰው አያመጣም። የእነዋሪ ገበያ ላይ የጅሩ ሰንጋ ይዞ የቆመ ገበሬ ስለ ፌዴራሊዝም አይጠይቅህም፣ ማዳበሪያው ዘንድሮ በስንት ይገባል፣ መቼ ይደርሳል ነው የሚልህ፣ እዛ ጋ የሚንተባተብ እጩ አለቀለት። እጩው ተሸክሞት የሚሄደው የፓርቲውን የምርጫ ምልክት ነው፣ ድሮ የኢህአዴግ ንብ ነበረች፣ በ2013 የገዢው ብልፅግና አምፖልና የተቃዋሚው ኢዜማ ሚዛን፣ ማንበብ የማይችል መራጭ የሚያውቀው እሱን ነው።

ፀጥታው ደግሞ ሌላው ትልቁ ነገር ነው። በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬና አካባቢው ከተቃጠለ በኋላ እዛ በሰኔ 14 ድምፅ መስጠት አልተቻለም። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሳው ጦርነት ገጠሩ ላይ እጩ ሆኖ መንቀሳቀስ በራሱ አደጋ ነው፣ የገዢው ፓርቲ እጩ ከአንዱ ወገን ይፈራል፣ የተቃዋሚው ከሌላው። ስለዚህ አዲስ ፊት አነሰ ሲባል የሰው ፍላጎት ጠፍቶ አይመስለኝም።

ተሰናባቹ ጋ ልመለስ። የምክር ቤት አባል በእረፍት ጊዜው የመረጠውን ህዝብ ያወያያል፣ አዳራሽ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ደርበው ፊት ይቀመጣሉ፣ ሶስት አራት ሰው እየተባለ ጥያቄ ይሰበሰባል፣ መንገድ፣ ውሃ፣ መብራት፣ እሱም ደብተሩ ላይ ይፅፍና "ለሚመለከተው አካል እናደርሳለን" ይላል። ዘመኑ ሲያልቅ ያ ደብተር የት ይሄዳል? አዲሱ ተመራጭ አያየውም፣ ከዜሮ ነው የሚጀምረው፣ ህዝቡም ያንኑ ጥያቄ እንደገና ይጠይቃል። ሕገ መንግሥቱ መራጩ አመኔታ ካጣ ተወካዩን ማውረድ ይችላል ይላል፣ ሲሰናበት ግን ቆሞ ይሄን ይሄን ጠይቃችሁኝ ነበር፣ ይሄ ሆነ፣ ይሄ አልሆነም፣ ብሎ እንዲናገር የሚያደርግ የተለመደ አሠራር የለም። አዲሱ ምክር ቤት ሥራ የሚጀምረው መስከረም የመጨረሻው ሳምንት ሰኞ ነው፣ ምርጫው ሰኔ ላይ ሲሆን በመሀል ሶስት ወር ገደማ አለ፣ ክረምት ቢሆንም የወረዳ ከተማ ላይ ነባሩና አዲሱ አንድ መድረክ ላይ ተቀምጠው ህዝብ ፊት ደብተሩን ለመረካከብ በቂ ጊዜ ነው።